የአስራ አንደኛ ፎቅ ጨዋነት

የትርንጎ ጠዋት የሚጀምረው በስድብ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?»

ይህች ራውዳ ናት። ከትርንጎ ቤት ፊት ለፊት ያለውን በሯን በእግሯ ገፍታ፣ በአንድ እጇ ሳህን በሌላው መቀስ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ።

«አንቺን ሳልቀብር ወዴት እሄዳለሁ?» ይላሉ ጋሽ ሻንካ። ወንበራቸው ሊፍቱ አጠገብ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ አይነሱም። በወጣትነታቸው፣ ታክሲን ሰው በሚነዳበት ዘመን፣ ረዳት ነበሩ። «መገናኛ፣ መገናኛ» እያሉ የጮኹበት ጉሮሮ እስካሁን አልበረደም። ሚስጥር ሲያወሩ እንኳ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

«እኔን ለመቅበር መጀመሪያ ከወንበሩ መነሳት አለብህ። እንኳን አካፋ፣ ማንኪያ አታነሳም።»

«ማንኪያ የሚያስነሳ ነገር መች ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

ይህን እየተባባሉ ሳህኑ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል። «በልቻለሁ» ይላሉ። አልበሉም። «በሞቴ» ትላለች ራውዳ። «አልፈልግም አልኩሽ» ይላሉ። «ብላ እንግዲህ፣ አናትህ ላይ ሳልደፋው» ትላለች። ያን ጊዜ ይበላሉ። ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስ ያልታጠበ መሆኑን የሚያውቀው ያየ ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ተራው የትርንጎ ነው።

«አንቺ ደግሞ፣ ፀጉርሽ ውስጥ ድመት ነው የወለደችው? ነይ ወዲህ፣ ቀበጥ።»

ጭንቅላቷን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ሹሩባ ትሠራታለች፤ እየጎተተች፣ እያሳመመች፣ ትምህርት ቤት ማን ምን እንዳላት እየጠየቀች፣ ያን ያላትን ልጅ ከነዘር ማንዘሩ እየረገመች። ትርንጎ እንባዋ እየመጣ ትስቃለች።

ቦታው ቆርቆሮ ሰፈር ይባላል። አንድም ቆርቆሮ የለውም፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ድሮ ዝናብ ሲመጣ ሰው የራሱን ድምፅ የማይሰማበት፣ ጣሪያ ለጣሪያ ተደጋግፎ የቆመ ሰፈር ነበር ይላሉ ጋሽ ሻንካ። አሁን ሦስት ግራጫ ሕንፃ ነው። መስኮቱ በሙቀቱ ምክንያት ስለማይከፈት ዝናቡ መምጣቱን የሚያውቅ የለም። ከሰፈሩ ጋር ያልፈረሱት ሰዎቹ ናቸው። አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ስልጤ አለ፣ ጋሞ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ ትግሬ አለ፣ አማራ አለ፣ እናቱ ሶማሌ አባቱ የመናዊ የሆነ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ። ሁሉም በየቋንቋው ይጸልያል። ሲሳደብ ግን በአማርኛ ነው። ስድብ ካልገባው ሰው ጋር ምን ዋጋ አለው?

ትርንጎ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ እሷን ወልዳ ሳትነሳ ሞተች። በዚያው ሰሞን ራውዳ የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጇን ቀብራ ነበር፤ ባሏ ቀደም ብሎ ዓረብ አገር ሄዶ በዚያው ቀልጧል። የራውዳ ጡት በወተት አብጦ የሚጠባው አጥቷል። ፊት ለፊት ደግሞ የምትጠባው ያጣች ሕፃን ታለቅሳለች። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ራውዳ ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ ያ በር ተቆልፎ አያውቅም፣ ይሄኛውም እንዲሁ።

አባቷ ይርዳው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ ላይ ጥቁር ቆብ ደፍቶ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ያሉ መኪኖችን ይነዳል። ቆቡ ውስጥ እያለ የቤቱን አያይም፣ የቤቱን አይሰማም። ትርንጎ ጉርሻ አፉ ውስጥ ካላስገባችለት መብላት እንዳለበት ትዝ አይለውም። ባለፈው ዓመት ታማ የተኛች ጊዜ ረሃብ አዙሮት፣ ሚሌ አካባቢ አንድ መኪና መንገድ ስቶ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ሰው አልተጎዳም። ራውዳ ግን ከዚያ ወዲህ «አንተ የወንበር ባል» እያለች በየበሩ ታሳጣዋለች። ቆቡን ሲያወልቅ ይሰማትና አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ከሊፍቱ በላይ፣ ከጋሽ ሻንካ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የድስት ክዳን የሚያህል ነጭ ክብ ነገር አለ። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ጆሮው ይሉታል። ማን ከማን እንደሚጣላ ይሰማል። ክረምቱ ሲወጣ ድልድል ይመጣል፤ ማን የት እንደሚኖር እንደገና ይወሰናል፣ የማይስማሙትም ይለያያሉ። ትርንጎ ከመወለዷ በፊት ጎረቤት ጎረቤቱን የገደለበት ክፉ ዘመን ነበረ ብለው ትምህርት ቤት አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ ጆሮውን የሚጠላው ሰው የለም። የሚወደውም የለም። እንደ ሊፍቱ ነው፣ አለ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጆሮው ተናገረ። የሴት ድምፅ ነው ያለው፤ ለስላሳ፣ በደንብ ያደገች ሴት።

«የአስራ አንደኛ ፎቅ ነዋሪዎች ጤና ይስጥልን። በዚህ ፎቅ ተደጋጋሚ የሞት ዛቻ፣ ሰውን የማዋረድ ንግግርና በኃይል የማስገደድ ተግባር ተመዝግቧል። አጥቂ፣ ወይዘሮ ራውዳ ሸምሱ። ተጠቂ፣ አቶ ሻንካ ሻሎ። ተጠቂ፣ ወጣት ትርንጎ ይርዳው። ሁኔታው እስከ ድልድሉ ካልተሻሻለ ወይዘሮ ራውዳ ወደ ሌላ ቀጠና ይዛወራሉ። መልካም ከሰዓት።»

ጋሽ ሻንካ፣ «ተጠቂው እኔ ነኝ?» አሉ።

«እንግዲህ አንተ ካልሆንክ ማን ይሆናል» አለች ራውዳ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስዝትብህ አንድ ቀን እንኳ አልሞትክልኝም። ምን ዓይነት አጥቂ ነኝ?»

ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ራውዳ ራሷ ሳቀች። ትርንጎ አልሳቀችም። አምና ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ በኳስ ነበር የሚጨቃጨቁት። አንዱ አሁን ሰሜን ቀጠና ነው፣ ሌላው ደቡብ። ከቀጠና ቀጠና ለመሻገር ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል። ሥራ ምክንያት ነው። ሕመም ምክንያት ነው። ሠርግም ምክንያት ነው። ናፍቆት ምክንያት አይደለም።

ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ትርንጎ ጆሮው ሥር ቆመች። ከዚያ በፊት አናግራው አታውቅም።

«ስማ» አለችው። «ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። ስትሳደብ እየተጫወተች ነው።»

«ስለ መረጃው እናመሰግናለን» አለ ጆሮው። «ተጠቂዎች ጥቃትን እንደ ጨዋታ ማየታቸው የተለመደ ነው። እርዳታ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም። እየነገርኩህ ያለሁት ሌላ ነው።»

«አጥቂዋ አሁን አጠገብዎ ናቸው?»

«ማንም የለም። አንተ ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

«ይህ ንግግር ተመዝግቧል። በጥቃት ውስጥ ያደጉ ወጣቶች የጥቃት ንግግር ይማራሉ።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። አንዲት ምላስ አለችኝ ብላ የምትኮራባት እሷ ነበረች፤ በዚያችው ምላስ ራውዳ ላይ ሌላ ድንጋይ ጨመረችባት።

በማግስቱ ራውዳ ቤት ገባች። ራውዳ የጥላ ጨርቅ ሰፊ ናት። ፀሐይ እንዳያቃጥል በየመስኮቱ የሚሰቀለው ብርማ ጨርቅ ቤቷን እስከ ጣሪያው ሞልቶታል። ትርንጎ የስፌት ማሽኑን ማስነሻ ተጫነችው። ማሽኑ ሲንጫጫ ጆሮው ከኮሪደር አይሰማም ብላ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጨዋ ትሆኛለሽ» አለች።

«እኔ ጨዋ አይደለሁም?»

«ጨዋ ነሽ፣ ግን አይሰማም። በይ ጋሽ ሻንካ እኔ ነኝ። ሰላም በይኝ።»

«አንቺማ ጥርስ አለሽ።»

«እማ።»

«እሺ፣ እሺ። እንደምን አደሩ ጋሽ ሻንካ?»

«ጎሽ።»

«ደህና አደሩ ወይ? ቤተሰብ ደህና ነው? ለነገሩ የትኛው ቤተሰብ፣ ማን ሴት ደፍራ…»

«ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ያልሽበት ላይ አቁሚ።»

«ምላሴ ብቻውን ነው የሚሄደው፣ እኔ ምን ላድርገው?»

«ዜና የምታነብ ሴት ነኝ ብለሽ አስቢ» አለች ትርንጎ። «ዜና አንባቢ ቤት ተቃጠለ ስትል አትጮህም፣ ሙሽራ ተዳረ ስትል እልል አትልም። ድምፅሽ አይውጣ፣ አይውረድ። ሆድሽ ውስጥ ያለው ነገር አፍሽ ጋ ሳይደርስ ይቅር።»

ራውዳ መቀሷን አስቀመጠች። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እና ካልሆነልኝ ይወስዱኛል?»

«ይወስዱሻል።»

«አንቺን ትተው?»

ትርንጎ መቀሱን አንስታ መልሳ አስያዘቻት። ራውዳ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ ጋሽ ሻንካ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ?» አለች። ሬዲዮ ይመስል ነበር። ትርንጎ ደስ አላት። አከታትሎ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በረዳት።

ጋሽ ሻንካን ማሠልጠን ተራራ መግፋት ሆነ። ድምፅዎን ቀስ ያድርጉ ሲባሉ ቀስ የሚያደርጉት ንግግሩን ነው፤ ድምፁ እንዳለ ነው። በመጨረሻ መፍትሔው ዝም ማለት ሆኖ ተገኘ። የፎቁ ሰው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ገባበት። ለራውዳ ሲል ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የራውዳ ጨርቅ ያልተሰቀለበት መስኮት የለም። ባልና ሚስት በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ለመዱ። ፀጉር አስተካካዩ ከደንበኞቹ ጋር ስለ ኳስ ማውራት አቆመ። ልጆች ደረጃ ላይ ሲሮጡ «ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ ደስ ይለን ነበር» የሚላቸው ሰው መጣ፤ ልጆቹ ቆመው አዩት፣ ከዚያ ሩጫቸውን ቀጠሉ።

ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትም እንደሚመዘገብ ታወቀ። ራውዳ የትርንጎን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንኳኳ ትርንጎ የሆነ ነገር የወደቀ መስሏት ወደ ጓዳ ነው የሮጠችው። በሩ ላይ ስትደርስ ራውዳ እንደ እንግዳ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች።

«ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ?»

«ኧረ ምንም አይደል። ግቢ።»

«አይ፣ ለሰላምታ ብዬ ነው።»

ራውዳ ተመለሰች። ትርንጎ በሩን ዘጋችው። ስትዘጋው ቀጭ አለ። በሩ ቀጭ እንደሚል እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ሹሩባውም ቀረ። ጠዋት ጠዋት ራውዳ ከበሯ ላይ ሆና ታያትና፣ «ፀጉርሽ ያምራል» ትላታለች። ፀጉሯ የተበተነ የወፍ ጎጆ መስሏል። ትርንጎ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ምን ትበል? ራሷ ያስተማረችው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሳህኑ ነገር ሆነ።

«ጋሽ ሻንካ፣ ቁርስ ይቀርብልዎ?» ትላለች ራውዳ።

«በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ።

እዚህ ላይ «በሞቴ» መምጣት ነበረበት። ጆሮው ግን በሞቴን ራስን የማጥፋት ዛቻ ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ ሁለት ጊዜ ብላ ማለት ደግሞ ማስገደድ ነው። ራውዳ ሳህኑን ይዛ ትንሽ ትቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ «እሺ፣ እንደፈቀዱ» ብላ ትመለሳለች። ጋሽ ሻንካ የሳህኑን ጀርባ በዓይናቸው እስከ በሩ ይሸኙታል። ሰው ባንድ ቃል እሺ ብሎ ከበላ ምን ይባላል? ሰባ ዓመት ያልተማሩትን አሁን ከየት ያምጡት? በፆምም በፍስክም ቀርቶ የማያውቅ ሳህን፣ ለጨዋነት ሲባል ቀረ።

ነሐሴ ሲጋመስ የጋሽ ሻንካ ሸሚዝ ትከሻቸው ላይ ሰፋ። አንድ ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ዋለ። ትርንጎ ቤታቸው ሄዳ፣ አንኳኩታ፣ አስፈቅዳ ገባች። አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ኮሪደር ለምን አይወጡም?»

«ምን ልሠራ?» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው። «ሰው ሁሉ ደህና ነህ ወይ ብሎኝ ያልፋል። እንዲህ በብዛት ደህና ነህ ወይ ስባል፣ እንጃ፣ ልሞት ነው መሰለኝ።»

ትርንጎ ከወጣች በኋላ ጣቷን ነከሰች። ማታ ለአባቷ ልትነግረው ፈለገች፤ ቆቡ ውስጥ ነው፣ አዋሽን እየተሻገረ። ጉርሻ አፉ ውስጥ አደረገችለት። «እስከ መስከረም ብቻ ነው» አለች ለራሷ። «መስከረም ሲጠባ ሁሉም እንደ ድሮው።» ጆሮውም በየሳምንቱ ያበረታታቸዋል፤ ጥቃት ቀንሷል፣ ጥቃት በጣም ቀንሷል፣ በዚህ ሳምንት ምንም ጥቃት የለም። ምንም የለም ሲል ፎቁ በሙሉ በየበሩ ቆሞ ተያየ። እልል የሚል ግን አልተገኘም። ድምፅ እንዳይወጣ ነው።

የድልድሉ ዕለት ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት ከሊፍቱ ወጣች። ግራጫ ለብሳለች፣ ፊቷ ደግ ነው። ከኋላዋ ሁለት ባለጋሪ ሠራተኞች አሉ። ቤዛዊት እባላለሁ ብላ ሁሉንም በየተራ ጨበጠች።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለች። «ከሐምሌ ጀምሮ እንዲህ የተለወጠ ፎቅ አላየሁም። ይገርማችኋል፣ ያን የሞት ዛቻ ለማጣራት ራሴ ልመጣ ነበር። ዛቻ ሲኖር ሰው መጥቶ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሕጉ ነው። ወዲያው ስለቆመ መምጣት አላስፈለገኝም።»

ትርንጎ የጋሽ ሻንካን ባዶ ወንበር አየች። መጥታ ብትቀመጥ ኖሮ ሳህኑን ታየው ነበር።

«ስለዚህ ራውዳ አትሄድም» አለች።

«በጥቃት ምክንያት አይሄዱም» አለች ቤዛዊት። «ሪከርዳቸው ንጹሕ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እኛ የተሳሰሩ ሰዎችን አንለያይም። አብረው የሚበሉ፣ ሳይጠሩ የሚገባቡ፣ ቀን ሙሉ የሚጠራሩ ጎረቤቶች ከተለያዩ ይታመማሉ፤ እናውቃለን። እዚህ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው የሚኖረው። ሰላም ተባብሎ ይገባል። እንዲህ ያለ ፎቅ ለዝውውር በጣም ተስማሚ ነው፤ የሚጎዳ ሰው የለም።»

ቤዛዊት በለስላሳ ድምፅ አሳወቀቻቸው። ጋሽ ሻንካ ወደ አረጋውያን ማረፊያ። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሰሜን። ወይዘሮ ራውዳ ወደ ምሥራቅ ቀጠና፤ እዚያ ሙቀቱ የባሰ ስለሆነ የጥላ ጨርቅ ሰፊ ይፈለጋል። ይርዳውና ልጁ ባሉበት ይቆያሉ። ሠራተኞቹ ጋሪውን ወደ ራውዳ በር ገፉት።

«እናቴ ናት» አለች ትርንጎ።

ቤዛዊት ዞር አለች። «ማን?»

«ራውዳ። እናቴ ናት።»

«እናትሽ በሕይወት እንደሌሉ ነው የማውቀው፣ የኔ እህት።»

«የወለደችኝ ሞታለች። ያጠባችኝ ይህች ናት። ፎቁን በሙሉ ጠይቂ።»

ቤዛዊት አላሾፈችባትም። እንዲያውም ትንሽ አሰበች። «የጡት እናትነት ይታወቃል» አለች። «ወይዘሮ ራውዳ ራሳቸው ልጄ ናት ካሉ ይበቃል። ልጅ ደግሞ ከእናቷ አትለይም፤ አብረሽ ወደ ምሥራቅ ትሄጃለሽ።»

«አባቴስ?»

«አባትሽ ብቻቸውን ይሆናሉ ማለት ነው። ብቻቸውን የቀሩ ወንዶች የሚኖሩበት ሕንፃ አለ፣ ምዕራብ ቀጠና። ንጹሕ ነው። ለየራሳቸው ክፍል አላቸው።»

በዚያች ቅጽበት የትርንጎ ቤት በር ተከፈተ። ይርዳው ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። በሥራ ሰዓት ከወንበሩ ተነስቶ አይታው አታውቅም። አንድ የሆነ ቦታ፣ አንድ መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። የኮሪደሩ ብርሃን ከብዶት ዓይኑን ያርገበግባል፤ ጢሙ ላይ የትናንት ጉርሻ ደርቋል።

«ከፈለግሽ ሂጂ፣ ልጄ» አለ። «እኔ እበላለሁ።»

ይህን ሲል ወደ ትርንጎ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው ያየው። ቆቡ ውስጥ የከረመ ዓይን ቶሎ አያነጣጥርም። ትርንጎ ልትጠጋው ፈለገች፤ እግሯ ግን ወደ ራውዳ ነው የሄደው። እጇን ያዘቻት።

«በያት» አለቻት በጆሮዋ። «ልጄ ናት በያት፣ እማ።»

ቤዛዊት ትጠብቃለች። ጋሽ ሻንካ በራቸው ላይ ቆመዋል፣ ግድግዳውን ተደግፈው። ራውዳ ትርንጎን አላየቻትም። ይርዳውን ነው ያየችው፤ ከእግሩ ጀምራ፣ ቆቡን የያዘውን እጁን፣ የገረጣ ጉንጩን፣ ጢሙ ላይ የደረቀውን። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የትርንጎን ጣቶች ከእጇ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ቀስ ብላ፣ ከጨርቅ ላይ መርፌ እንደምትነቅል።

«እኔ ልጅ የለኝም» አለች።

ድምጿ አልወጣም፣ አልወረደም። ትርንጎ ስንጥቅ ፈለገችበት፤ እስትንፋስ እንኳ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አላገኘችም። እንዲያ እንድትናገር ክረምቱን ሙሉ ያስተማረቻት እሷ ናት።

«ልጅቷ ጡት ጠብቼአለሁ እያለች ነው» አለች ቤዛዊት።

«ጨቅላ እያለች አንዳንድ ጊዜ ይዣታለሁ። ጎረቤት አይደለን? የአቶ ይርዳው ልጅ ናት። አባቷን ደህና አድርጋ ትይዛለች፤ እሱም ከእሷ በቀር ሰው የለውም።»

«እማ» አለች ትርንጎ።

«ደህና ሁኚ፣ እህቴ» አለቻት ራውዳ። «ጎበዝ ተማሪ ሁኚ።»

ቤዛዊት ወደ ጆሮው ቀና ብላ የሆነ ነገር አለች። ጋሪው ተነሳ። ብርማው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወጣ ኮሪደሩ አንዴ ቦግ አለና መልሶ ጨለመ። ራውዳ የስፌት ማሽኗን ለማንም አልሰጠችም፤ እንደ ሕፃን አቅፋ ሊፍቱ ውስጥ ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ይርዳው ልጁን ትከሻዋ ላይ ያዛት፤ እጁ ከብዶ ነበር።

«ስለ ትብብርዎ ከልብ አመሰግናለሁ» አለች ቤዛዊት በሩ ሊዘጋ ሲል። «ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ ቢሆን ሥራችን እንዴት በቀለለ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለች ራውዳ፣ ሳትዞር።